ላብ ሲወርድና ላብ ሲደርቅ

የዛሬው ዝግጅታችን በፎገራ ሜዳ ላይ ጉልበቱን የሚያፈስሰውን ሰው ሁሉ ይመለከታል፤ ማልዶ በአስፋልቱ ዳር የሚሮጠውን ወጣት፣ ከትምህርት በኋላ ኳስ የሚያሳድደውን ተማሪ፣ ውሃ በተኛበት ማሳ ጎንበስ ብላ ሩዝ የምታርመውን እናት፣ በኅዳር ነዶ የሚሸከመውን የቀን ሠራተኛ። ለሰውነት ሩጫም አረምም አንድ ነው። ጡንቻ ይሠራል፣ ከምግብ የተገኘው ስኳር ይቃጠላል፣ ሙቀት ይፈጠራል፣ ላብ ይወርዳል። ስለዚህ ስለ ሯጭ ስናወራ ገበሬው፣ ስለ ገበሬ ስናወራም ሯጩ ለራሱ የሚሆነውን ይያዝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። በዚህ ሜዳ ላይ ሰውን የሚጥለው ፀሐይ ብቻ አይደለም። ያልደረቀ ላብና ያልተሞላ ሆድ ሲገናኙ ነው ጎበዙ የሚወድቀው።

ብዙ ሰው ሙቀት ከውጭ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። ሥራ ላይ ስንሆን ግን ትልቁ የሙቀት ምንጭ የራሳችን ጡንቻ ነው። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ምግብ ለእንቅስቃሴ የሚያውለው ሩቡን ያህል ወይም ከዚያ ያነሰውን ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በስሌት እንየው። 60 ኪሎ የሚመዝን ወጣት ከሜዳው ከተማ ከወረታ ተነሥቶ 10 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ 600 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። ከዚህ ውስጥ 450 ያህሉ ሙቀት ነው። ይህ ሁሉ መውጫ አጥቶ ውስጡ ቢታመቅ የሰውነቱን ሙቀት በ9 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገው ነበር። ጤነኛ ሰው 37 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚኖረው፤ 40ን ሲያልፍ አእምሮውን ሊስት ይችላል። በ37 ላይ 9 ሲጨመር ምን እንደሚሆን አስቡት።

ታዲያ ልጁ ሮጦ በሰላም ቤቱ የሚገባው እንዴት ነው? በላብ ነው። እንስራ ውሃ እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ ታውቃላችሁ፤ ከሸክላው የሚያዣው እርጥበት በነፋስ ሲደርቅ የውስጡን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ቆዳችንም እንዲሁ ያደርጋል። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይወስዳል። ስለዚህ የሯጫችንን 450 ለማስወጣት አንድ ሊትር የማይሞላ ላብ ይበቃል። ግን ልብ በሉ፤ የሚያቀዘቅዘን የደረቀው ላብ ነው። ከግንባር ጠብ ብሎ መሬት የወደቀው ውሃችንንና ጨዋችንን ይዞብን ሄደ እንጂ ሙቀቱን አልወሰደልንም።

ፎገራ ላይ ነገሩ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። ሜዳው የጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው፤ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው ይተኙበታል፤ ሩዙም ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድጋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትሩ ቢያቃጥልም አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላብ ይደርቃል። ዝናቡ ሲጀምር፣ ወይም ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከዝናብ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ፣ የሙቀት መለኪያው ከሚያዝያ ያነሰ ቁጥር ያሳይ ይሆናል። አየሩ ግን እርጥበት ጠግቧል፤ ወበቅ ነው፤ ላቡ ይወርዳል እንጂ አይደርቅም። እኔ ለአሰልጣኝም ሆነ ደቦ ለጠራ ገበሬ የምመክረው፣ ሰማዩን ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውን ሸሚዝ እንዲያይ ነው። ነፋስ ጠፍቶ ሸሚዝ ከጀርባ ከተጣበቀ፣ ያ ቀን ሥራ የሚቀነስበት፣ ዕረፍት የሚበዛበት ቀን ነው።

ይህ ለእኛ ብቻ የሚነገር ምክር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 በኳታር ዶሃ በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የሴቶቹ ማራቶን ፀሐይን ለመሸሽ ሲባል ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሞላ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነበር የተጀመረው። ፀሐይ የለችም። ሙቀቱ ግን ወደ 32 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበትም ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከተነሡት 68 ሯጮች የጨረሱት 40 ብቻ ናቸው። ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ፣ ኢትዮጵያን የወከሉት ሦስቱም፣ አቋርጠው ወጡ። እነዚህ ሴቶች ጉልበትም ወኔም አንሷቸው አያውቅም፤ ላባቸው አልደርቅ ብሎ ሰውነታቸው ሙቀቱን ማውጫ አጣ እንጂ። ከሳምንት በኋላ በዚያው ከተማ የወንዶቹ ማራቶን ሲካሄድ ሙቀቱ የቀነሰው በጥቂት ዲግሪ ነው፤ እርጥበቱ ግን ወደ 50 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። ሌሊሳ ዴሲሳ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ አንደኛ፣ ሞስነት ገረመው በ4 ሰከንድ ተከትሎት ሁለተኛ ሆኑ። ያው ሌሊሳ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ሙቀትን ሽሽት ወደ ሰሜን ጃፓን ሳፖሮ ተዛውሮ እንኳ፣ ውድድሩን ሳይጨርስ ወጥቷል። በአንድ ዓመት ዓለምን የረታ ሰው በሌላው ዓመት በሙቀት መንገድ ዳር ሊቀር ይችላል ማለት ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈበት ማራቶንም አመሻሹ ላይ ተጀምሮ በችቦ ብርሃን ያለቀው የቀኑን ሙቀት ለመሸሽ ተብሎ ነው።

እንግዲህ ሰዓት መምረጥ ፍርሃት አይደለም። ወረታ ላይ ጠንካራ ልምምድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ካልሆነም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ይሁን። ከ6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ያለው ለጥላ ነው። የስፖርት ክፍለ ጊዜያቸው ቀትር ላይ የወደቀባቸው ተማሪዎች አሉ፤ መምህራን፣ እባካችሁ በዚያ ሰዓት ሩጫውን ትታችሁ ዛፍ ሥር የሚሠራ እንቅስቃሴ ስጧቸው።

ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላ ነገርም አለ። ከወረታ ደብረ ታቦር ያለው መንገድ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የማራቶን ርቀት ማለት ነው። በዚህች ርቀት ግን ከ1,800 ሜትር አካባቢ ተነሥተን ወደ 2,700 ሜትር እንወጣለን። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በተመሳሳይ ሰዓት ደብረ ታቦር ጋቢ የደረበ፣ ወረታ ደግሞ ላቡን የሚጠርግ ሰው ይኖራል። ከጉና ተራራ ሥር ለአረምና ለአጨዳ ወደ ሜዳው የሚወርደው የደጋ ልጅ እዚህ ሲደርስ ሰውነቱ ገና የደጋ ነው። ላቡ ዘግይቶ ይጀምራል፣ ሲወርድም ብዙ ጨው ይዞ ይወርዳል፣ ልቡም ቶሎ ቶሎ ይመታል። ሰውነት ሙቀትን ይለምዳል፤ ለመልመድ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በእነዚያ ቀናት ደሙ ውስጥ ያለው ውሃ ይጨምራል፣ ላቡ ቀድሞ ይመጣል፣ ጨው መቆጠብም ይማራል። አሠሪዎች ሆይ፣ አዲስ ለመጣ ሠራተኛ የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ቀናት ግማሽ ሥራ ስጡት። ከነባሮቹ እኩል እንዲያርም የሚገፋፋው ሰው ወንድሙን እየጎዳ ነው። ሯጩም ከደጋ ወርዶ በሁለተኛው ቀን ቢወዳደር ያው ችግር ይጠብቀዋል።

ወደ ውሃ እንምጣ። ልምምድ ላይ ውሃ መጠጣት ያደክማል፣ ጥማትን መቻል ጉብዝና ነው ሲባል እንሰማለን። ይህ አነጋገር ልጆችን ይጎዳልና ዛሬውኑ ቢቀር እወዳለሁ። ሰውነት ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ውሃ ሲያጣ አቅሙ ይቀንሳል፣ በተለይ በሙቀት። የጠፋውን ለማወቅ ደግሞ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ወረታ ሩዝ የሚመዘንባት ከተማ ናት፤ ሚዛን በየመጋዘኑ አለ። አንድ ሯጭ ከልምምድ በፊት ሽንቱን ሸንቶ ይመዘን፤ ሲመለስም ላቡን አድርቆ፣ በዚያው ስስ ልብስ ይመዘን። 60 ኪሎ ሄዶ 58 ኪሎ ከ800 ግራም ከመጣ የጠፋበት አንድ ሊትር ከሁለት መቶ ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ልክ 2 በመቶ። በሚቀጥሉት ጥቂት ሰዓታት የዚያን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም ወደ 1 ሊትር ከ800 እየተጎነጨ ይመልስ፤ ሽንት እያስወጣ ስለሚያጎድል ነው ትርፉ። ሚዛን የሌለው ሽንቱን ይይ። እንደ ሻይ ከጠቆረ ውሃ ጎድሎታል፤ ነጣ ካለ ደህና ነው።

ውሃ ብቻውን ግን አይበቃም። ላብ የደረቀበት ጥቁር ሸሚዝ ላይ የሚቀረው ነጭ መስመር ጨው ነው። ቀኑን ሙሉ ላቡ የወረደ ሰው ሳይበላ ንጹሕ ውሃ ብቻ በላይ በላዩ ቢጠጣ ደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል፤ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሲብስም ራስን ያስታል። ስለዚህ ጨው ያለው በሶ፣ ሽሮ፣ ወይም ኦአርኤስ ከውሃው ጋር ይሂድ። ኦአርኤስ ከጠፋ አንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ላይ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ልክ ልኩን፣ ማሟሟት ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ጨው አይጨምር። የሜዳውን ውሃ ደግሞ አደራ፤ ርብና ጉማራ ቢያምሩም ሳይፈላ ወይም ውሃ አጋር የተባለው ማከሚያ ሳይገባበት አይጠጣ። ተቅማጥ የያዘው ሰው ሜዳ ላይ ሳይወጣ ነው ውሃው የሚያልቅበት።

ሰው ሥራ ላይ ሳለ እንደ መንገዳገድ፣ ቃል እንደ መሳት፣ እንደ መቃዠት ካለ፣ ቆዳውም እሳት ከሆነ፣ የሚባክን ደቂቃ የለም። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አውልቁ፣ ያለውን ውሃ ሁሉ አፍሱበት፣ በነጠላም በሰፌድም አርግቡለት። በመስኖ ማሳ ላይ ከሆናችሁ የውሃ ሞተሩን አስነሥታችሁ ከቱቦው ሥር አስተኙት፤ ጭንቅላቱን ግን ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም። ወደ ጤና ተቋም እየወሰዳችሁም ማቀዝቀዙን አታቋርጡ፤ የሚያተርፈው መጀመሪያ መቀዝቀዙ ነውና።

አሁን ምግቡ። ጡንቻና ጉበት ከእህል ያገኙትን ስኳር ያጠራቅማሉ፤ ይህ ክምችት በጠንካራ ሥራ ላይ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ያቆያል። ሲያልቅ እግር ይከብዳል፣ ዓይን ይጨልማል። ሙቀት ደግሞ ክምችቱ ቶሎ እንዲያልቅ ያደርጋል፤ የሞቀ ጡንቻ ከስብ ይልቅ ስኳሩን ይሻማልና። በቀትር ባዶ ሆዱን የሚያርም ሰው በሁለት በኩል ነው የሚጎዳው።

ለዚህ አባቶቻችን ያወረሱን ስንቅ አለ፤ በሶ። ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው። አንድ መቶ ግራሙ 350 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል፤ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፣ በውሃና በትንሽ ጨው ይበጠበጣል፣ ማር ካለም ይጨመርበታል። ውሃውን፣ ጨውንና ጉልበቱን በአንድ ኩባያ ያገናኛል። ገብሱ ከደጋው፣ ከጉና ዙሪያ ይመጣል፤ በየሱቁ ለስፖርተኛ ተብሎ በውድ ከሚሸጠው ጣፋጭ መጠጥ ይህን አስበልጣለሁ። ሩዝም መልካም ነው። ቶሎ ይፈጫል፣ ስኳሩ ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል፤ በተለይ ከልምምድ በኋላ ባዶውን ክምችት ለመሙላት ይመቻል። ጎዶሎው ሌላ ነው፤ የተፈለፈለ ነጭ ሩዝ ብረት በጣም ያንሰዋል። ጤፉን ጨርሶ በሩዝ የተካ ቤት ሽንብራ፣ ምስርና ጎመን ከእንጀራው ላይ አይለየው።

የኢትዮጵያ ታዋቂ ረጅም ርቀት ሯጮችን አመጋገብ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ ከሚበሉት ኃይል 64 በመቶ ያህሉ ከእህልና ከመሰሉ የሚገኝ ስታርችና ስኳር መሆኑን አሳይቷል። እንጀራችን ለሯጭ ያንሳል የሚል ካለ መልሱ ይኸው ነው። ያው ጥናት ሯጮቹ ከልምምድ በፊትም ሆነ በልምምድ መሐል እንደማይጠጡ ጽፏል። ይህን ሰምቶ እኔም አልጠጣም የሚል ወጣት ይኖራል። እነርሱ ግን በጎሕ፣ በቀዝቃዛ ደጋ ላይ ነው የሚለማመዱት፤ ለዚያ የሚሆነው ለወረታ ቀትር አይሆንም።

ሁዳዴ እዚህ ሜዳ ላይ ከዓመቱ ሞቃት ወራት ጋር ይገጥማል፤ 55 ቀን ነው። ጾሙን የሚጾም ሯጭ ከባዱን ልምምድ ከማዕድ ሰዓቱ አጠገብ፣ አመሻሹ ላይ ያድርግና ወዲያው ይብላ፤ ጠዋት ላይ ቀላል እንቅስቃሴ ይበቃዋል። ማታ ላይ ውሃውን ቀስ በቀስ ይሙላ፣ ሽሮውን፣ ምስሩንና ተልባውን አይቀንስ። ረመዳን የሚጾሙ ወንድሞችና እህቶችም ከአፍጥር በኋላ ቢለማመዱ፣ ሱሁርንም ባይዘሉ ይሻላል። አካሉ የደከመ ወይም መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ነፍሰ ጡር የሆነችም ሴት፣ ሐኪምንም፣ የንስሐ አባትን ወይም የሃይማኖት አባትንም ያማክሩ።

ስለ ብረት ትንሽ ልጨምር። ደም ኦክስጅን የሚሸከመው በብረት ነው፤ ብረት ያነሰው ሯጭ ዳገት ላይ ትንፋሹ ይቆረጣል፣ ሙቀትም አይችልም። በወር አበባ ምክንያት ሴቶች ይበልጥ ይጎድላቸዋል። ከምሳ ላይ ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይ የምግቡን ብረት ያግዳል፤ ቡናው አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ፣ ከሽሮው ጋር ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ቢበላ ብዙ ለውጥ አለው። ፎገራ ቲማቲሙ የሞላበት አገር ነውና ይህ አያስቸግርም። ወባም ደም ያፈርሳል። ቀትር ላይ ብርድ ብርድ የሚለው፣ ራሱን የሚያመው ሰው ፀሐይ መታኝ ብሎ አይተኛ፣ ይመርመር። ትኩሳት እያለ መሮጥ ክልክል ነው፤ ከዳነ በኋላም ጉልበት እስኪመለስ ሳምንታት ይፈጃል።

በመጨረሻ ስለ ጓያ። ሩዙ ሳይነሣ በቀሪው እርጥበት ላይ የሚዘራው ጓያ ድርቅ ይችላል፣ ርካሽ ነው፣ ዝናብ በጠፋ ዓመት ብዙ ቤት አትርፏል። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግር የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለው። ፎገራና ደንቢያ ከዚህ የሚመጣውን የእግር ሽባነት በደንብ ያውቁታል። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ወጣት ወንዶችን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከከባድ ሥራ በኋላ በድንገት ይጀምራል፣ ከያዘም አይድንም። በወሎ፣ በደላንታና በዳውንት፣ ከድርቅ በኋላ በብዙ ሰው ላይ በደረሰ ጊዜ ያጠኑት ሐኪሞች፣ ጓያውን ከእህል ጋር የቀላቀሉ፣ ወጡንም በሽንኩርትና በዝንጅብል የሠሩ ቤቶች ያነሰ መጎዳታቸውን፣ እሸቱንና ንፍሮውን አብዝተው የበሉት ደግሞ የበለጠ መጎዳታቸውን አሳይተዋል። ስለዚህ ጓያ ያላችሁ ሌሊቱን ዘፍዝፉትና ውሃውን ድፉ፤ ከጤፍ፣ ከማሽላ ወይም ከሩዝ ጋር አስፈጩት፤ ሽንኩርቱን አታሳንሱ። በአጨዳና በመውቂያ ወቅት ለሚሸከም ወጣት ጓያ ብቻውን ስንቅ አይሁነው። ጠዋት ሲነሣ ጉልበቱ የከዳው፣ ጥጃ ሥጋው የደነደነበት፣ ሲራመድ ጣቱ መሬት የሚጭርበት ካለ ጓያውን በዚያው ዕለት ያቁምና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅታችን በሩዝ ማሳ ውሃ ውስጥ ቆመው ለሚውሉ ሰዎች ስለ እግርና ስለ ቆዳ ጤና ይሆናል።